ልጅ በዕድሉ አያድግም

እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የፈረንሳዊቷ ኮሊን ሴሮ ፊልም «ሦስት ወንዶችና የሕፃን ቅርጫት» በተነሣ ቁጥር ሙገሳው አንድ ነው፤ አንጀት የሚበላ ኮሜዲ፣ ኃላፊነት የማያውቁ ወንደላጤዎች በሕፃን ፍቅር ተሸንፈው ሰው የሚሆኑበት ታሪክ። በአገሩ ከ10 ሚሊዮን በላይ ተመልካች አግኝቷል፤ የምርጥ ፊልም የሴዛር ሽልማትም ወስዷል። ሙገሳው ግን ዋናውን ጉዳይ ስቶታል። ሴሮ ያነሣችው የሥራን ነገር ነው፤ ፍቅሩ የሚመጣው ሥራው ወንዶቹን ካደከማቸው በኋላ ነው።

የፋርማሲውን ትዕይንት እንመልከት። የበረራ አስተናጋጁ ዣክ ሩቅ ምሥራቅ ሳለ፣ ሲልቪያ ከእሱ የወለደቻትን ማሪን በር ላይ ትታ አሜሪካ ትሄዳለች። አብረውት የሚኖሩት ፒየርና ሚሼል ሕፃን ይዘው አያውቁም። ፒየር ወተት ሊገዛ ይሮጣል። የልጅቷን ዕድሜና የወተቱን ዓይነት ሲጠየቅ፣ ሰው እንዲገዛ ማባበል እንጀራው የሆነው የማስታወቂያ ባለሙያ ራሱ የሚገዛው ይጠፋዋል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እናት ሁሉ መልሱን ታውቃለች ተብሎ ይታሰባል፤ ማንም ግን ከዕውቀት አይቆጥርላትም። ሴሮ ይህን ዕውቀት እንደ ሙያ ታከብረዋለች፦ ጡጦው፣ ዳይፐሩ፣ በእንቅልፍ ማጣት የሚነሣው ጭቅጭቅ ሁሉ በየተራው ጊዜ ይሰጠዋል። ኋላ ከኤጀንሲ የመጣችውን ሞግዚት ፒየር በቁጣ ያባርራታል፤ ወተት መግዛት ያቃተው ሰው አሁን ልጅቷን ለሌላ አያምንም። የዣክ እናት እንኳ አልይዝም ትላለች። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለም፤ ማሪ የምታድገው በሌሎች እንቅልፍ ነው።

ከሕፃኗ ጋር የተምታታው የሄሮይን ጥቅል ግን ታሪኩን ያንዛዛዋል። ዕፁ በዳይፐር ሲደበቅ አንዴ ያስቃል፤ ፖሊሶቹና ወሮበሎቹ ከሌላ ፊልም ተሳስተው የገቡ ይመስላሉ። ሊዮናርድ ኒሞይ በ1987 ያዘጋጀው የሆሊውድ ቅጂ ደግሞ ይህንኑ ድክመት አጎላው። ዣክ ሰክሮ፣ ሆዱ ላይ ትራስ ሸጉጦ እርጉዝ የሚመስልበት ትዕይንትም ትርፍ ነው፤ ሴሮ በጡጦ ያሳየችውን እዚህ በንግግር ትደግመዋለች።

ከሁሉ የሚያስቆጣው የሲልቪያ ነገር ነው። ሦስት ወንዶች ተጋግዘው በመከራ የተወጡትን እሷ ብቻዋን እንድትወጣው ይጠበቃል። ልጇን ከወሰደች በኋላ አልሆን ሲላት ተመልሳ መጥታ በሕፃን አልጋ ውስጥ ተኮራምታ ትተኛለች። ለወንዶቹ ድካም አንድ ሙሉ ፊልም ተሰጠ፤ ለእሷ ጥቂት ደቂቃ። እነሱን ያስመሰገነው ድካም እሷን ልጅ አስመሰላት። ሌላ ዳይሬክተር ቢሆን አይገርምም ነበር፤ የሴቶችን ብሶት በዘጋቢ ፊልም ያሰማችው ሴሮ ግን ይህን ማየት ነበረባት።

ፊልሙን ደግማችሁ ስታዩ የማሪን ፈገግታ ተዉትና ሌሊት የሚነሣው ማን እንደሆነ ተከታተሉ። በዚህ ሚዛን ኮሜዲው ከተሰጠው ሙገሳ ይበልጣል፤ የሲልቪያ ዕዳ ግን አለበት።