ያልተጻፈው ቀበሮ

ስለ ሕፃናት መጻሕፍት ሂስ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው ምክሩ ነው። ታሪኩ ታዛዥነትን ያስተምራል ወይ፣ ንጽሕናን ያስተምራል ወይ ይባላል፤ ሥዕሉ ካማረና ፊደሉ ከጎላ ሃያሲው አመስግኖ ይሰናበታል። ገና ፊደል ያልለየ የአምስት ዓመት ልጅ፣ መምህርቱ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስታነብለት፣ ከመጽሐፉ ምን ይረዳል? እንዴትስ ይረዳል? የሚለው ጥያቄ ግን ሳይነሣ ይቀራል። ይህ ጸሐፊ ጥያቄውን የሚያነሣው በአንዲት ቀጭን መጽሐፍ መነሻነት ነው።

መጽሐፏ እንግሊዛዊቷ ፓት ሃቺንስ ራሷ ጽፋ፣ ራሷ ሥላ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 ለኅትመት ያበቃቻት «ሮዚስ ዎክ» ናት፤ «የሮዚ ሽርሽር» ብንላት ያስኬዳል። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ በጠቅላላው 32 ቃላት ብቻ ነው። ሮዚ የተባለች ዶሮ ከማደሪያዋ ወጥታ በእርሻው ግቢ ትዘዋወርና ለእራት ትመለሳለች። ጽሑፉ ከዚህ በቀር የሚለው የለም። ሥዕሉን የሚያይ ግን አንድ ቀበሮ ከኋላዋ አድፍጦ ሲከተላት ያገኛል። ሊይዛት በዘለለ ቁጥር መዓት ይወርድበታል፤ ጥርሳሙን የሣር መሰብሰቢያ ይረግጥና እጀታው ፊቱን ይመታዋል፣ ኩሬ ውስጥ ይነከራል፣ የሣር ክምር ይውጠዋል፣ የወፍጮው ዱቄት ይራገፍበታል፣ በመጨረሻም የንብ መንጋ ያባርረዋል። ሮዚ አንገቷን ቀና አድርጋ መንገዷን ትቀጥላለች። ቀበሮ የሚለው ቃል በመጽሐፏ ውስጥ አንድ ጊዜም አልተጻፈም። ቀበሮው የሚወድቅባቸው ገጾችም ጨርሶ ቃል የላቸውም።

በመድረክ ሙያ የቆየን ሰዎች ይህን ብልሃት እናውቀዋለን። ባለታሪኩ የማያውቀውን ተመልካቹ ያወቀ እንደሆነ አዳራሹ በሙሉ ትንፋሹን ይይዛል። ሃቺንስ ያደረገችው ሕፃኑን እንዲህ ያለ ተመልካች ማድረግ ነው። ጆሮው «ዶሮዋ ትንሸራሸራለች» የሚለውን ይሰማል፤ ዓይኑ ግን የሚያየው አደንን ነው። ሁለቱን አገናኝቶ ታሪኩን መፍጠር የእርሱ ፋንታ ይሆናል። አንብቦ መረዳት የምንለው ሥራ የሚጀመረው እዚህ ላይ ነው፤ ለዚህም ልጁ ፊደል እስኪቆጥር መጠበቅ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ግለ ሂስ ማድረግ ይገባኛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መዋዕለ ሕፃናት ተጋብዤ ይህችኑ መጽሐፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩ። ገና በመጀመሪያው ገጽ ጣቴን ቀስሬ «ቀበሮውን እዩት!» አልኩ። ልጆቹ ያዩት ጣቴን ነበር። «አያችሁ?» ስል በአንድ ድምፅ «አዎ!» አሉ። ወፍጮው ዘንድ ስንደርስ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ፣ ለራሷ ያህል ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ገመዱ እግሯ ላይ ተጠምጥሟል» አለች። እውነቷን ነው። ዱቄቱን የሚያራግፈው ሮዚ በእግሯ የምትጎትተው ገመድ ነው። እኔ መጽሐፏን ስንት ጊዜ ሳገላብጥ ይህን ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። ታዲያ ሮዚ ሁሉንም እያወቀች ነው ወይስ ሳታውቅ? መጽሐፏ መልስ የላትም፤ ልጆቹ ግን በዚህ ጉዳይ ለሁለት ተከፍለው እስከ ዕረፍት ሰዓት ተከራከሩ።

«ድገሙ!» ማለት በመዋዕለ ሕፃናቶቻችን ሥር የሰደደ ልማድ ነው። በቀድሞው የቄስ ትምህርት ቤት ተማሪው ውርድ ንባብን ከዚያም ቁም ንባብን ያጠና ነበር፤ ምሥጢሩ ደግሞ ከዓመታት በኋላ በቅኔና በትርጓሜ ቤት ይጠብቀዋል። የሚነበበው ግዕዝ ስለ ነበረ ሥርዓቱ የራሱ ምክንያት ነበረው። በአፍ መፍቻ ቋንቋው የሚነበብለትን ሕፃን ግን ትርጉሙን በቀጠሮ የምናቆይበት ምን ምክንያት አለን? በ2002 ዓ.ም. በተካሄደው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከመቶው 34ቱ ከቀረበላቸው ታሪክ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም፤ ስለ ታሪኩ ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱን እንኳ ያልመለሱት ግን ከመቶው 48 ነበሩ። የእነዚህን ቁጥሮች ርቀት መምህራን ሊያስቡበት ይገባል።

መድኃኒቱን ከሩቅ መፈለግ የለብንም። «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልህ» የሚል ልጅ፣ ያልተነገረውን ከተነገረው ማውጣት ምን እንደ ሆነ ያውቃል። ቢያቅተው እንኳ የሚጠየቀው አገር እንዲሰጥ ነው እንጂ አይቀጣም። አሜሪካዊው ዋይትኸርስትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጡት ጥናትም በሌላ መንገድ ከዚሁ ይደርሳል፤ ወላጆች የሥዕል መጽሐፍ ሲያነቡ ልጁን እየጠየቁ ተናጋሪ እንዲያደርጉት ተመከሩ፣ በአንድ ወር ውስጥም ልጆቻቸው በንግግር ችሎታ እኩዮቻቸውን ቀደሙ። ስለዚህ መምህርቱ «ዶሮዋ ምን ዓይነት ቀለም አላት?» ከማለት ይልቅ፣ ገጹን ከመግለጧ በፊት «አሁን ምን ይሆናል?» ትበል፤ መልሱ ሲመጣም «በምን አወቅህ?» ትበል። በተለይ ሁለተኛዋ ጥያቄ ልጁን ወደ ሥዕሉ መልሳ ማስረጃ ታስፈልገዋለች። እርግጥ አንዲት ቅጂ ለሃምሳ ልጅ ከፍ አድርጎ ማሳየት ከንቱ ድካም ነው፤ ኋላ የተቀመጠው ቀበሮውን አያየውም። በቡድን በቡድን ማንበብ ግድ ነው።

መጽሐፏን ወደ አማርኛ የሚመልስ ቢኖር ቋንቋችን አያሳፍረውም። እንግሊዝኛው ታሪኩን በአንድ ረዥም ዓረፍተ ነገር ሲወስደው መሄዷን አስቀድሞ ይናገራል። የእኛ ቦዝ አንቀጽ ግን «አቋርጣ»፣ «ዞራ»፣ «ሾልካ» እያለ ማሰሪያ አንቀጹን እስከ መጨረሻው ገጽ ያቆየዋል፤ ሕፃኑም ዓረፍተ ነገሩ እስኪታሰር ስለ ዶሮዋ ይሰጋል። የምፈራው ሌላ ነገር ነው፤ አንድ ደግ አርታዒ «ልጆች እንዳይቸገሩ» ብሎ ቀበሮውን ወደ ጽሑፉ እንዳያስገባው።

ይህን ጥፋት ሌላው ላይ አላሳብብም። ከዓመታት በፊት ለሕፃናት ብዬ የጻፍኩት ታሪክ አለ፤ ዝናብ መጣ፣ ልጁ ፈራ፣ ከዛፍ ሥር ተጠለለ ይላል። ሠዓሊው ዝናብን፣ የፈራ ልጅንና ዛፍን ሣለ። ሰሞኑን ረቂቁን አውጥቼ «ፈራ» የሚለውን ሰረዝኩ፤ ዛፉንም ሰረዝኩ። ዝናቡን ልሰርዘው ወይስ ላቆየው ከሠዓሊው ጋር ገና አልተስማማንም።