የቫንስ ሶል

ቫንስ ጫማ ሲነሳ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ሶሉ ነው። ፖል ቫን ዶረን ከወንድሙ ከጂምና ከሌሎች ሁለት ሸሪኮች ጋር በ1966 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ፣ አናሃይም ከተማ ውስጥ የቫንስን ፋብሪካና ሱቅ ሲከፍት ስኬትቦርድን አስቦ አልነበረም፤ የፈለገው ቶሎ የማያልቅ ሸራ ጫማ ነበር። ሶሉን ከተለመደው ወፈር አድርጎ ሠራው። መጀመሪያ የነበረው የአልማዝ ቅርጽ ጥለት፣ እግር በሚታጠፍበት በኩል እየተሰነጠቀ ሲያስቸግር እዚያው ላይ መስመሮች ተጨመሩበት። ያ ጎማ ቦርዱን ቆንጥጦ ስለሚይዝ የአካባቢው ስኬተሮች ወደዱት።

እኔን የሚማርከኝ ግን ሱቁ ያኔ አንዱን እግር ብቻ ለይቶ ይሸጥ የነበረ መሆኑ ነው። ስኬተር መሬት የሚገፋበት እግሩ ጫማ ቀድሞ ያልቅበታል፤ ታዲያ ደህናውን ለምን ይጣለው? ግራውን ከቀኙ ነጥሎ የሚሸጥ ነጋዴ ስንት አለ!

በ1976 ስኬተሮቹ ቶኒ አልቫና ስቴሲ ፔራልታ ሐሳብ ያዋጡበት፣ ቁርጭምጭሚት ዙሪያ ስፖንጅ የገባለት፣ ዛሬ ኢራ የሚባለው ሞዴል ወጣ። በ1984 ኩባንያው ዕዳ በዝቶበት የፍርድ ቤት ከለላ ጠየቀ። በኋላ ከዕዳው ወጣ፤ ሶሉም ያው ነው።