ለፈላጊ ስለ መሰደር

ከንፋስ መውጫና ከአካባቢዋ ተነሥቶ ድረ ገጽ መሥራትን መተዳደሪያው ሊያደርግ ያሰበ ወጣት፣ የዚህ ሙያ ሥሩ መሰደር መሆኑን፣ ቀለምና ሥዕልም ከዚያ በኋላ የሚከተሉ መሆናቸውን አስቀድሞ ይረዳ ዘንድ እመክራለሁ። ሪቻርድ ሶል ዉርማን በ1976 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አርክቴክቶች ጉባኤ የመረጃን ሥነ ሕንጻ፣ ማለት መረጃን ለፈላጊው መሰደርን፣ ርእስ አድርጎ ካነሣ ወዲህ ሙያው በዓለም ስም ቢያወጣም፣ ግብሩ ንፋስ መውጫ ባለችበት በጋይንት ምድር ጥንታዊ ነው።

የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ የሆነውን ድጓ የተማሩ የየአድባራቱ ደቀ መዛሙርት በሚያስመሰክሩባት በጋይንቷ ቤተ ልሔም፣ ያን የሚያህል ሰፊ መጽሐፍ ይዞ ሊቁ የዕለቱን ቃል ሳይደናገር የሚያገኘው፣ ድጓው ዮሐንስ፣ አስተምህሮና ፋሲካ ተብሎ በዓመቱ ዑደት ስለተከፈለ፣ ለዐቢይ ጾምም ጾመ ድጓ ስለተለየለት ነው፤ ማኅሌት የሚቆም ሰው ጥያቄው «ዛሬ ምን ይባላል?» የሚል ነውና። ትውፊት ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል የሚሰጠው፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተደነገገው ምልክትም፣ ከንባቡ በላይ በምትቀመጥ ጥቂት ፊደል ተማሪውን በቃሉ ወደያዘው ዜማ ይመራዋል፤ ግጻዌም የየዕለቱን መልእክታት፣ ምስባክ፣ ወንጌልና ቅዳሴ እያመለከተ አንባቢውን ወደየመጽሐፉ ይልካል። በድረ ገጽ ላይ ማስፈንጠሪያ ሳኖር የምሠራው ሥራ ከዚህ የተለየ ነው ብዬ አላምንም።

እንዲህ በፈላጊው ጥያቄ መሰደሩ ቀርቶ የመሥሪያ ቤት ድረ ገጽ በየዳይሬክቶሬቱ ሲከፋፈል ለሹማምንቱ የቀና ይመስላል፤ ከስማዳ ወይም ከእስቴ የመጣ ገበሬ ግን የሚያውቀው የመሬት ይዞታ ደብተሩን ነው፣ የሚሰጠውን ክፍል ስም ከየት ያውቃል? ከውጭ አገር እንዳለ የተቀዳ ቅጽም ጳጉሜን የሌለችበት ዐሥራ ሁለት ወር ያቀርብለታል፤ የአባቱን ስም ከአያቱ ስም ሳይለይ «የቤተሰብ ስም» ይጠይቀዋል፤ የጠዋቱን ሁለት ሰዓት ስምንት ያደርግበታል። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ ከተመዘገበ ወዲህ እያንዳንዱ ሆሄ የየራሱ ቁጥር ስላለው፣ «ፀሐይ» ብሎ የጻፈ «ጸሀይ» ተብሎ የተከተበውን አያገኝም፤ ስለዚህ ሠሪው የጸሐፊውን አጻጻፍ ሳይነካ፣ በፍለጋው ውስጥ ሀን ከሐና ከኀ፣ ሰን ከሠ፣ አን ከዐ፣ ጸን ከፀ ማስተካከል ግዴታው ነው። ይህን ሥራ ማንም አያይለትም፤ እኔ ግን የሙያውን ሰው ከሥዕል አሳማሪው የምለየው በዚህ ነው።

ጀማሪው አንድ ትንሽ ትምህርት ቤት ወይም የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ይምረጥ፤ የሚቀርበውን ጉዳይ ሁሉ በየወረቀቱ ቁራጭ ጽፎ ለባለጉዳዮቹ ይስጥና እነርሱው ሲያቧድኑት ዝም ብሎ ይመልከት፤ ቀጥሎም አብዛኛው ሰው በስልክ የሚከፍተው መሆኑን አስቦ ገጹን ቀላል ያድርገው። ቀጣሪ ዘንድ ሲቀርብም ካማረው ገጽ ጋር ያን የወረቀት ድልድል፣ ከነምክንያቱ፣ ይዞ ይሂድ።