የመጻሕፍት ቁጥርና የመጻሕፍት ጥቅም
የከፍተኛ ትምህርት ተቋሞች ለዕውቅና ወይም ለጥራት ምርመራ በሚያቀርቡት የራስ ግምገማ ሰነድ ስለ ቤተ መጻሕፍት የሚገለጸው፣ ይህ ጸሐፊ እንደ ታዘበው፣ ከሦስት አሐዞች እምብዛም አያልፍም። እነርሱም የመጻሕፍት፣ የወንበርና በበር የገባው ሰው ብዛት ናቸው።

በአዋጅ ቁጥር 351/1995 የተቋቋመው የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ የመማሪያ ሀብትን ይመረምር ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. የተካው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንም ይህንኑ ኃላፊነት ወርሷል። ምርመራው ተገቢ ነው። ጉድለቱ ያለው በሚቀርበው ማስረጃ ላይ ነው። ጸሐፊው አባል በነበረበት አንድ የግምገማ ቡድን፣ በመዝገብ ከተቈጠሩት መጻሕፍት ከፊሎቹ ካርቶናቸው ሳይከፈት በመጋዘን ተገኝተዋል። ስለዚህ ቁጥሩ ትክክል ቢሆንም ስለ ትምህርቱ የሚመሰክረው ነገር አልነበረውም።

ከአዋሽ ከተማ ተነሥቶ በ2000 ዓ.ም. ወደ ተቋቋመው የሰመራ ዩኒቨርሲቲ የሚሄድ ተማሪ፣ የሚፈልገውን መጽሐፍ ቢያጣ በአቅራቢያው ሌላ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት አያገኝም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ስለሚጠብቀው፣ የጉድለቱ ዕዳ በእርሱ ላይ ይወድቃል። የሸለቆው ገበሬ የአዋሽን ጥቅም የሚለካው ማሳው በደረሰው ውሃ ነው፤ የቤተ መጻሕፍትም መለኪያ ከዚህ አይለይም።

ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ደረጃ ቁጥር 11620፣ ከመለኪያዎቹ አንዱ ተፈላጊው መጽሐፍ በተፈለገ ጊዜ መገኘቱ ነው። ይህን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያሻም። ተጠይቀው የታጡ መጻሕፍት በየዕለቱ ይመዝገቡ፤ በጠረጴዛ ላይ ተነብበው የቀሩት ወደ መደርደሪያ ከመመለሳቸው በፊት ይቈጠሩ፤ የዋና መማሪያው ቅጂ ከተማሪው ቁጥር ጋር ይነጻጸር። የአንባቢው ስም ግን አይመዝገብ።

በእርግጥ የፈተና ውጤት ቢሻሻል ምክንያቱ ቤተ መጻሕፍቱ ነው ማለት አይቻልም፤ መምህሩም፣ የተማሪው ዝግጅትም ድርሻ አላቸው። ይሁን እንጂ የታጣው መጽሐፍ ታውቆ ከተገዛ፣ ተቋሙ በማስረጃው ሠርቶበታል ማለት ነው። ለዕውቅና ሊቀርብ የሚገባውም ይህ ነው።

ስለዚህ መምህራን የንባብ ዝርዝራቸውን ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ለቤተ መጻሕፍቱ ይስጡ። የዕቅድ ባለሙያዎችም በቅጻቸው ላይ «ስንት መጽሐፍ አላችሁ?» ከሚለው ቀጥሎ «የትኛው ታጣ? ምንስ አደረጋችሁ?» የሚል ጥያቄ ይጨምሩ።