ያልተሠራውን ፊልም ስንጠብቅ

አንድ ሰው የሚወደው መጽሐፍ ወደ ፊልም ሊለወጥ ነው የሚል ወሬ በሰማ ጊዜ ሁለት ስሜት በአንድነት ይመጣበታል። አንደኛው ደስታ ነው፤ በሐሳቡ ብቻ ያየውን በዓይኑ ሊያይ ነውና። ሁለተኛው ሥጋት ነው፤ በሐሳቡ የሣለው ሥዕል ከዚያ በኋላ እንደ ነበረ ላይቀር ይችላልና። መጽሐፉ አስፈሪ ታሪክ የያዘ እንደ ሆነ ግን ሥጋቱ ከደስታው ይበልጣል። ፍርሃት ከተነገረው ይልቅ ካልተነገረው የሚወለድ ስለ ሆነ፣ ሁሉን ማሳየት የሚወድ ካሜራ ሊያጠፋው ይችላል።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን አሜሪካዊው ደራሲ ኤች. ፒ. ላቭክራፍት በ1931 ዓ.ም. ጽፎት በ1936 ዓ.ም. በመጽሔት የታተመው «በእብደት ተራሮች» የተባለው ታሪክ ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ተራኪው ዳየር የሚባል የጂኦሎጂ ፕሮፌሰር ሲሆን፣ ለምርምር ከጓደኞቹ ጋር ወደ አንታርክቲካ ይሄዳል። ከጓደኞቹ አንዱ፣ የሥነ ሕይወት ሊቁ ሌክ፣ ከሂማልያ በሚበልጡ ተራሮች ግርጌ ሰው ከመፈጠሩ እጅግ አስቀድሞ የኖሩ የ14 ፍጡራንን አካል ከዋሻ ያወጣል። ብዙም ሳይቆይ ሰፈሩ ፈርሶ፣ ሰዎቹም ሞተው ይገኛሉ። ዳየርና ዳንፎርዝ የተባለው ተማሪ በአውሮፕላን ተራራውን ተሻግረው በበረዶ የተዋጠች ጥንታዊት ከተማ ያገኛሉ፤ በግድግዳዋ ላይ ከተቀረጸው ሥዕልም የፍጡራኑን የረዥም ዘመን ታሪክ ይረዳሉ።

ዳየር ይህን ሁሉ የሚጽፈው ለመደነቅ ብሎ አይደለም፤ ሌሎች ተመራማሪዎች ወደዚያ እንዳይሄዱ ለመለመን ነው። እንግዲህ ፊልሙ ቢሠራ፣ ተራኪው አትሂዱ ብሎ ወደ ከለከለው ስፍራ ተመልካቹን ይዞ መሄዱ ነው።

ሜክሲካዊው ዲሬክተር ጊየርሞ ዴል ቶሮ ታሪኩን ፊልም ለማድረግ ብዙ ዓመት ደክሟል። ይሁን እንጂ በ2011 ዓ.ም. ዩኒቨርሳል የተባለው የፊልም ድርጅት ሥራውን ሳይቀበለው ቀረ። ወጪው 150 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደሚሆን ተገምቶ ነበር፤ ዲሬክተሩም ፊልሙ ዕድሜያቸው ከ17 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ የማያዩት እንዲሆን አጥብቆ ይፈልግ ነበር። ነጋዴ ስለ ገንዘቡ ቢጠነቀቅ አንፈርድበትም። እኛን የሚያሳስበን ግን ከገንዘቡ ይልቅ ፊልሙ በሚሠራበት ጊዜ ከታሪኩ ምን ይቀርለታል የሚለው ጥያቄ ነው።

እንደ እኛ አስተያየት የታሪኩ ልብ ያለው በአንድ ስፍራ ነው። ዳየር በመጀመሪያ ከፍጡራኑ የሚሸሽ ሰው ነበር። በመጨረሻ ግን፣ ፍጡራኑ ራሳቸው ለሥራ በፈጠሯቸውና በዐመፁባቸው ባሮች ተገድለው ባገኛቸው ጊዜ፣ ልቡ ይራራል። ከረዥም እንቅልፍ ነቅተው ራሳቸውን በማያውቁት ዓለም ያገኙ፣ ሌክ እነርሱን ሰንጥቆ እንደ መረመረ እነርሱም ሰውን ሰንጥቀው የመረመሩ፣ እንደ እርሱ ያሉ የዕውቀት ወዳጆች መሆናቸውን ይገነዘባል። ጭራቅ ያልነው ፍጡር ወንድማችን ሆኖ መገኘቱ ከጥፍርና ከጥርስ ይልቅ ያስደነግጣል። ፊልሙ ይህን ትቶ ጭራቅና ሩጫ ብቻ ቢያሳየን፣ የታሪኩን ልብስ ወስዶ ሰውየውን ጥሎታል እንላለን።

ሁለተኛው ጉዳይ የዳንፎርዝ ዝምታ ነው። በአውሮፕላን ሲመለሱ ዳንፎርዝ ወደ ኋላ ዞር ብሎ አንድ ነገር ያያል፤ አእምሮውም ይናወጣል፤ ያየውን ግን በግልጥ አይናገርም። ካሜራው በዚያች ሰዓት የተማሪውን ፊት እንጂ ከመስኮቱ ውጭ ያለውን እንዳያሳየን እንለምናለን።

ማሳየት ሁልጊዜ ጥፋት ነው ማለታችን ግን አይደለም። ጆን ካርፔንተር በ1982 ዓ.ም. በሠራውና ታሪኩ በዚያው በአንታርክቲካ በሆነው «ዘ ቲንግ» በተባለው ፊልም አስፈሪውን ፍጡር በግልጥ አሳይቶናል፤ ፍርሃቱም አልቀነሰም። ምክንያቱም የዚያ ታሪክ ጥያቄ «ከመካከላችን እውነተኛው ሰው ማን ነው?» የሚል ነውና፣ የፍጡሩ መታየት ጥያቄውን ያጠነክረዋል እንጂ አይመልሰውም። ተራሮቹንና ከተማይቱንም ከቃል ይልቅ ፊልም አግዝፎ ሊያሳየን እንደሚችል አንክድም።

ዴል ቶሮ በ2017 ዓ.ም. በሠራው «ዘ ሼፕ ኦፍ ዋተር» በተባለው ፊልም ሰዎች እንደ ጭራቅ ያሰሩትን የውኃ ፍጡር እንድንወደው አድርጎናል። እንዲህ ያለ ሰው ለዳየር ርኅራኄ ባዕድ እንደማይሆን ተስፋ እናደርጋለን።

ፊልሙ እስኪመጣ ድረስ አንባቢዎቻችን መጽሐፉን አስቀድመው እንዲያነቡት እንመክራለን። አስቀድሞ ያነበበ ሰው ፊልሙ ቢያምር የሚያመዛዝንበት፣ ባያምር ደግሞ የሚመለስበት የራሱ ተራራ ይኖረዋል።