ማለቂያ የሌለው ጨዋታ

ዛሬ የምንተቸው መጽሐፍ አይደለም፤ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ካንዲ ክራሽ ሳጋ የተባለው የስልክ ጨዋታ ነው። ቀለሙ ያምራል፤ ለመልመድም አያስቸግርም። ተንኮሉ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። አምስት ሕይወት ይሰጥና ሲያልቁ አንዷ እስክትመለስ 30 ደቂቃ ያስጠብቃል፤ ካልሆነም ክፈሉ ይላል። በዚያች 30 ደቂቃ ተማሪው ደብተሩን ቢገልጥም ልቡ ስልኩ ጋ ነው። ገበጣ እንኳ ጠጠሩ ሲያልቅ ያልቃል፤ ይሄ ግን ደረጃ እየተጨመረለት ማለቂያ የለውም።

የሚጫወት ሁሉ ሱሰኛ ነው ማለት አይደለም። በ2019 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ዝርዝርም ሕመም የሚለው ኑሮ እየተጎዳ እንኳ ማቆም ሲያቅት ነው።

ተማሪዎች፣ ሳትጀምሩ ልኩን ወስኑ። እኛ መምህራንም ስልኩን ከመንጠቃችን በፊት ልጁ ከትምህርት በኋላ ሌላ ምን የሚውልበት አለው ብለን እንጠይቅ።