«ልጅቷ በደሟ ይዛዋለች ወይ?» ስለ እግር ዝሆኔ የዘር ጥናቶች አነባበብ

ፖዶኮኒዮሲስ፣ ማለትም በፊላርያ ትል ሳይሆን በባዶ እግር ቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ለዓመታት በመርገጥ የሚመጣው የእግር ዝሆኔ፣ በቤተሰብ ውስጥ እንደሚደጋገም ሕዝቡ ከሐኪሙ ቀድሞ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2007 እነ ጌይል ዴቪ በደቡብ ኢትዮጵያ 59 ቤተሰቦችን አጥንተው የዘር ድርሻው 63 በመቶ ገደማ መሆኑን አሳዩ። በ2012 ደግሞ እነ ፋሲል ተኮላ በወላይታ 194 ሕሙማንን ከ203 ጤነኞች ጋር አነጻጽረው በሽታውን ከኤች.ኤል.ኤ. ክፍል ሁለት ጂኖች ጋር አያያዙት። ሁለቱም ምስጋና የሚገባቸው ሥራዎች ናቸው፤ ሒሴ የሚያነጣጥረው እኛ ባለሙያዎች በምናነብበት መንገድ ላይ ነው።

«63 በመቶ» ማለት ከመቶ ልጆች 63ቱ ይታመማሉ ማለት አይደለም። ቁጥሩ የሚገልጸው በዚያ ማኅበረሰብና በዚያ የኑሮ ሁኔታ በሰዎች መካከል ከሚታየው የተጋላጭነት ልዩነት ምን ያህሉ ከዘር እንደሚመነጭ ነው። ሁሉም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ቢጫማ፣ ጂኑ ሳይለወጥ በሽታው በጠፋ ነበር። የተገኙት የጂን ዓይነቶችም በጤነኞች ዘንድ አሉ። ስለዚህ ሁለት ተሸካሚ ወላጆች በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ዕድል የታመመ ልጅ ከሚወልዱበት ከሲክል ሴል ጋር ማመሳሰሉ ስሕተት ነው።

ይህ ስሕተት በአዳማ ትዳር ያፈርሳል። ለወንጂና ለመተሐራ የሸንኮራ እርሻ ከወላይታ፣ ከከምባታና ከሐዲያ የመጡ ቤተሰቦች በሰምጥ ሸለቆ ከተሞች ወልደው ከብደዋል። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ለሐኪም የሚቀርበው ጥያቄ «ይድናል ወይ?» ሳይሆን «ልጅቷ በደሟ ይዛዋለች ወይ?» የሚል ነው። አንዳንዴም ጠያቂዋ ራሷ ልጅቷ ናት፤ ለወደፊት አማቶቿ የምታሳየው «ነጻ ናት» የሚል ወረቀት ትሻለች። እንዲህ ያለ ወረቀት ለመስጠት የሚያበቃ ምርመራ በክሊኒካችን የለም። ቢኖር ደግሞ የአንዷ ነጻ መውጣት ለእኅቷ የክስ ማስረጃ ይሆንባት ነበር። በ2009 እነ ፋሲል ባሳተሙት ሌላ ጥናት ተሳታፊዎች የፈሩት ይህንኑ ነው፦ የዘር ምርምሩ ቤተሰባቸውን ለይቶ ለበለጠ መገለል እንዳይዳርግ።

እኛስ? ካርድ ላይ «የቤተሰብ ታሪክ፦ አለ» ብለን ጽፈን፣ የወንዱ አጎት በተቀመጠበት ጮክ ብለን እናነበዋለን። «የዘር ነው» እንላለን፤ ስለ አፈሩም ስለ ጫማውም ሳናነሳ ቀጣዩን በሽተኛ እንጠራለን።

ልጅቷን በመጀመሪያ ብቻዋን ማነጋገር ይገባል። ልጅ ስትወልድ፣ ሕፃኑ መራመድ ሲጀምር ጫማ እንዲጫማ፣ እግሩም በየቀኑ በሳሙናና በውኃ እንዲታጠብ ይነገራት። ፈቃዷ ከሆነ ደግሞ እጮኛዋና አማቷ ይህንኑ ከእኛው አፍ ይስሙ።